ድንኳንና ዐለት፤ የመካከለኛው ዘመን መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ከየካና ከእንጦጦ ኮረብቶች ሲታዩ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ ሕንፃ አቋም የሚናገሩ ባለሙያዎች በሞሉበት በዚህ ጉባኤ አንድ መሐንዲስ ስለ መካከለኛው ዘመን ነገሥታትና መነኮሳት ሊናገር መቆሙ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። የታሪክ ሊቅ ነኝ ብዬ አልቀረብሁም። ነገር ግን የታሪክ ሊቃውንት ብራናውን እያነበቡ ስለ ዘመኑ እንደሚፈርዱ ሁሉ፣ እኛም የተፈለፈለ ዐለትና የፈረሰ ግንብ ስናይ፣ ይህን ያሠራው ማን ነው? የሠራተኛውን ስንቅ ከየት አገኘ? ለምን ያህል ዘመን እንዲቆይስ አስቦ ሠራው? ብለን እንድንጠይቅ ሙያችን ይፈቅድልናል፤ ያስገድደናልም።

ዛሬ ላስረዳ የምሞክረው ነገር በአጭሩ የሚከተለው ነው። በመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያ ንጉሡ በድንኳን ሲኖር ቤተ ክርስቲያን በዐለትና በመሬት ላይ ሥር ሰዳ ትኖር ነበር። አንዱ የሚንቀሳቀስ ኃይል፣ ሌላው የማይነቃነቅ ሥር ነበራቸው። አንዱ ያለ ሌላው መቆም ስላልቻለ ተደጋገፉ፤ አንዱ ሌላውን ጠቅልሎ ሊይዝ በሞከረ ጊዜ ደግሞ ተጣሉ። የዚህ ረጅም ታሪክ ቁሳዊ ምስክር ከሆኑት መካከል ሁለቱ ከራሳችን ከተማ በላይ፣ በየካና በእንጦጦ ኮረብቶች ላይ ቆመዋል። በሚገባ ሳይለኩና ሳይመረመሩ እየጠፉ መሆናቸው ነው እኔን ለዚህ ንግግር ያነሣሣኝ።

ስለ አገራችን የምጠቅሳቸው ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን፣ ስለ ውጭ አገር የምጠቅሳቸው ግን እ.ኤ.አ. መሆናቸውን በቅድሚያ ላስታውቅ።

በኮረብታው ላይ ያሉት ሁለቱ ምስክሮች

የየካን ዳገት ይዞ ወደ ባሕር ዛፉ ደን የሚወጣ ሰው ዋሻ ሚካኤል የተባለውን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። ይህ ሕንፃ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ የተሠራ ሳይሆን ከአንድ ወጥ ዐለት ተፈልፍሎ የወጣ ነው። የአገሩ ትውፊት ሥራውን ወደ አብርሃና አጽብሓ ዘመን፣ ማለት ወደ አራተኛው መቶ ዓመት ይመልሰዋል። ተመራማሪዎች ደግሞ አሠራሩን ተመልክተው ከላስታ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጋር ዝምድና ያለው የመካከለኛው ዘመን ሥራ ነው ይላሉ። ጣሪያው በከፊል ፈርሷል፤ የዛፍ ሥር ከዐለቱ ስንጥቅ ገብቷል፤ የክረምቱም ዝናብ በየዓመቱ ሥራውን ይሠራል።

ሁለተኛው ምስክር በዋሻ ሚካኤልና በእንጦጦ ማርያም መካከል በተራራው ላይ የሚገኘው የግንብ ፍርስራሽ ነው። ቅርጹ አምስት ማዕዘን በመሆኑ አጥኚዎቹ በዚሁ ስም ይጠሩታል። ስፍራው 30 ሄክታር ያህል ሲሆን፣ 12 ማማዎች የነበሩትን ምሽግና 520 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን የድንጋይ ግንብ ይዟል፤ የግንቡም ከፍታ በአንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። እንግዲህ በአእምሯችን እናስላ። ይህን ያህል ድንጋይ ፈልፍሎ፣ አጓጉዞና ጠርቦ ባሕር ወለልን 3,000 ሜትር ያህል በሚበልጥ ብርዳማ ተራራ ላይ ማቆም የአንድ ባላባት ወይም የአንድ መንደር ሥራ ሊሆን አይችልም። በዚያ ላይ ሠራተኛው መብላት ነበረበት። የግብርና የሰው ኃይል ማዘዝ የሚችል መንግሥት ከኋላው እንደነበረ ግንቡ ራሱ ይናገራል።

ውቅሩ ቤተ ክርስቲያን የእምነት፣ ግንቡ የመንግሥት ሥራ ነው። ሁለቱን በአንድ ተራራ ላይ ጎን ለጎን ያኖራቸው ሥርዓት ምን ዓይነት ነበር? ወደዚህ ጥያቄ ለመድረስ ከኮረብታው ወርደን የዘመኑን አኗኗር መመልከት ያስፈልገናል።

ከተማ ያልነበረው ቤተ መንግሥት

ዐፄ ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. መንግሥቱን ከያዙ በኋላ በነበሩት ሁለት መቶ ሰባ ዓመታት ውስጥ የኢትዮጵያ ነገሥታት ብዙውን ጊዜ ቋሚ መናገሻ አልነበራቸውም። የንጉሡ ከተማ ሲባል የንጉሡ ሰፈር፣ ማለት የድንኳኖቹ ሰፈር ነበር። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ሰፈር በዝርዝር ገልጾታል። የንጉሡ ድንኳኖች ከፍ ባለው ቦታ ይተከላሉ፤ የቀኝና የግራ ቢትወደዶች ቦታ የታወቀ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ገበያውና የየሹሙ ሰፈር ሥርዓታቸውን ይጠብቃሉ። ሰፈሩ ዛሬ ተነቅሎ ነገ በሌላ ሜዳ ሲተከል እያንዳንዱ ሰው ያለ ጠቋሚ ቦታውን ያገኛል። በካርታ ላይ ሳይሆን በሰው አእምሮ ውስጥ የተነደፈ ከተማ ነበር ማለት ነው።

ይህን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። እህል በአጋሰስ ጀርባ ሲጓዝ በየዕለቱ ዋጋው ይጨምራል፤ አጋሰሱም ነጂውም በመንገድ ላይ ይበላሉና። ስለዚህ በብዙ ሺሕ ለሚቆጠር ሠራዊትና አጃቢ ግብሩን ወደ አንድ ቦታ ከማጓጓዝ ይልቅ ንጉሡን ግብሩ ወዳለበት ማምጣት ይቀል ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ማገዶው ሲያልቅ፣ ሣሩ ሲጋጥ፣ ገበሬውም ሲማረር ከስፍራው መነሣት የግድ ይሆናል። ንጉሡም በደረሰበት ሁሉ ይፈርዳል፣ ይሾማል፣ ይሽራል። ፊቱን ያላየ አገር ግብር ማቋረጥን ይለምዳል።

የእንግሊዝ አገር ነገሥታትም በመካከለኛው ዘመን የሚኖሩት እንዲሁ እየተዘዋወሩ ነበር። ባላገሩ ፍርድ ለማግኘት ንጉሡን ከአውራጃ ወደ አውራጃ መከተል ስለ ሰለቸው፣ በ1215 መኳንንቱ ንጉሥ ዮሐንስን አስገድደው ባስቀበሉት ታላቁ ቻርተር ውስጥ ተራ የፍትሐ ብሔር ክርክር የንጉሡን ጉዞ እንዳይከተልና በአንድ በታወቀ ቦታ እንዲታይ የሚያዝ አንቀጽ አስገቡ። የዚሁ ቻርተር የመጀመሪያው አንቀጽ ደግሞ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ነፃ እንድትሆን የሚደነግግ ነው። የቦታ ጥያቄና የቤተ ክርስቲያን ጥያቄ በአንድ ሰነድ መገኘታቸው አጋጣሚ አይመስለኝም። የሚዘዋወር ሥልጣን ገደብ እንዲኖረው የፈለገ ሁሉ በማይዘዋወር ነገር ላይ ይደገፋልና።

ሥር የሰደደው ገዳም

በእኛ አገር ያ የማይዘዋወር ነገር ገዳሙ ነበር። ትውፊቱ ይኩኖ አምላክን ከሐይቅ እስጢፋኖሱ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ጋር ያያይዛቸዋል። የዚያ ገዳም አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት በሚል ማዕርግ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ ነበረው። ንጉሡ ለገዳም ጉልት ሲሰጥ የመሬቱን ግብር ይሰጣል። ገዳሙ በምላሹ ይጸልያል፣ ያስተምራል፣ ተዝካር ያወጣል፣ የስጦታውንም ቃል በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ይጽፋል። ዛሬ በመዝገብ ቤት የምንፈልገውን የርስት ማስረጃ በዚያ ዘመን ይጠብቅ የነበረው በመንበሩ አጠገብ የተቀመጠው ወንጌል ነበር።

ይህ አሠራር ለንጉሡ ከፍ ያለ ጥቅም ነበረው። ሠራዊቱ ከአገሩ ከወጣ በኋላ ስሙ በየቅዳሴው የሚነሣበት፣ ልጆች ፊደል የሚቆጥሩበት፣ ሽማግሌዎች ለዕርቅ የሚሰበሰቡበት ቦታ ይቀርለታል። የሥልጣኑም ሐሳባዊ መሠረት የተገነባው በካህናት ብዕር ነው፤ የነገሥታቱን ዘር ከሰሎሞን የሚያደርሰው ክብረ ነገሥት በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን፣ በአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ እጅ ተሰናድቷል። ሆኖም ገዳሙ መሬት፣ መጽሐፍና የሕዝብ ፍቅር ሲያገኝ የራሱ ድምፅ እንደሚኖረው የታወቀ ነው።

ቁልፉ በውጭ የነበረ በር

ከዚህ ላይ የቤተ ክህነቱን አንድ ልዩ ጠባይ ማንሣት ያስፈልጋል። ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የኢትዮጵያ ጳጳስ የሚሾመው በእስክንድርያ ፓትርያርክ ሲሆን ተሿሚውም ግብጻዊ ነበር። ካህናትን መቀባት የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ስለሆነም አንድ ጳጳስ ሞቶ ሌላው እስኪመጣ አዲስ ቄስና ዲያቆን አይኖርም። ግብጽ በእስላም ሱልጣኖች እጅ ስለነበረች ደግሞ ጥያቄው በሁለት በሮች ማለፍ ነበረበት። ይኩኖ አምላክ በ1266 ዓ.ም. ገደማ ጳጳስ እንዲላክላቸው ለሱልጣን ባይባርስ የጻፉት ደብዳቤ የፈለጉትን አላስገኘላቸውም።

በምሕንድስና አነጋገር ይህ አንድ ቧንቧ ብቻ ያለው ከተማ ነው፤ ያ ቧንቧ ሲዘጋ የሁሉም ቤት ይደርቃል። ሲከፈት ደግሞ ጎርፍ ነው፤ አልቫሬዝ በዓይኑ ባየው አንድ የክህነት ሥርዓት ላይ ጳጳሱ አባ ማርቆስ በአንድ ቀን ከ2,000 በላይ ሰዎችን መቀባታቸውን ጽፏል።

በአውሮፓም የሚመስለው ነገር ደርሷል። የእንግሊዙ ዮሐንስ ሮማ የመረጠቻቸውን የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ስቴፈን ላንግተንን አልቀበልም በማለቱ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ከ1208 እስከ 1214 በእንግሊዝ አገር መደበኛው አገልግሎተ ቤተ ክርስቲያን እንዲቋረጥ አዘዙ። በኋላ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በ1534 ችግሩን ከሮማ በመለየት ቆረጠው። የእኛ አገር ግን ከእስክንድርያ ጋር የነበረውን ጉዳይ በትዕግሥትና በድርድር ጨርሶ፣ በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ አገኘ፤ ሁለቱም አቡነ ባስልዮስ ናቸው።

ገሣጩና ተገሣጩ

የንጉሡ ሰይፍ ከመነኩሴው ቃል ጋር ፊት ለፊት የተገናኘው በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን (1306–1336) ነው። ዐምደ ጽዮን ታላቅ ጦረኛ ነበሩ፤ የመንግሥቱን ወሰን እጅግ አስፍተዋል። የመነኮሳቱ ገድላት እንደሚተርኩት ግን ንጉሡ የአባታቸውን ሚስት በማግባታቸውና ከአንድ በላይ ሚስት በመያዛቸው አቡነ በጸሎተ ሚካኤል፣ አቡነ አኖሬዎስና የደብረ አስቦው አቡነ ፊልጶስ በግልጽ ገሠጿቸው። ደብረ አስቦ ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም ነው። መነኮሳቱ ተገረፉ፤ ወደ ሩቅ አገርም ተጋዙ። ግብጻዊው ጳጳስ አቡነ ያዕቆብ የመነኮሳቱን ወገን በመያዛቸው በተከታዩ ንጉሥ በዐፄ ሰይፈ አርዕድ ዘመን ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በእንግሊዝ አገር ንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛ ከካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ከቶማስ ቤኬት ጋር በካህናት ላይ የመፍረድ ሥልጣን የማን ነው በሚል ተጣልተው፣ በ1170 አራት ባላባቶች ሊቀ ጳጳሱን በካቴድራሉ ውስጥ ገደሏቸው። ንጉሡም በ1174 በመቃብሩ አጠገብ ተገርፈው ንስሐ ገቡ። የሁለቱ አገሮች ታሪክ ብዙ ልዩነት አለው፤ የሞተው ገሣጭ ከሕያው ይልቅ ለመንግሥት የከበደ መሆኑ ግን በሁለቱም ይታያል። በግዞት የሞቱት የአቡነ ፊልጶስ አጽም ከብዙ ዘመን በኋላ በክብር ወደ ገዳማቸው ተመልሷል።

እዚህ ላይ ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባ ውጤት አለ። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የዘመኑን መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን በመረመሩበት መጽሐፋቸው እንዳሳዩት፣ የተጋዙት መነኮሳት በሄዱበት ሁሉ ደቀ መዛሙርት አፈሩ፤ ግዞቱ ለስብከት መንገድ ሆነ። ንጉሡ ዛፉን ሊነቅል ሲል ዘሩን በተነው ማለት ነው።

ዘርዐ ያዕቆብና የመርጋት ሙከራ

ይህን ጉዳይ ከሥሩ ለመጨረስ የተነሡት ንጉሥ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460) ናቸው። ከእሳቸው በፊት የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜን ከእሑድ ጋር እናከብራለን በማለታቸው የእስክንድርያን ትምህርት ከሚከተሉት ጳጳሳት ተለይተው፣ ክህነትም ተከልክለው በሰሜን ገዳማት ሲኖሩ ቆይተዋል። ዐፄ ዳዊት በ1396 ዓ.ም. ሰንበታቸውን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። ዘርዐ ያዕቆብ ግን ፈቃዱን ወደ ሕግ ከፍ አደረጉት። በ1442 ዓ.ም. በተጉለት ባሠሩት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጠርተው፣ ሁለቱ ግብጻውያን ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ባሉበት ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። የኤዎስጣቴዎስ ተከታዮችም ከጳጳሳቱ ክህነት ለመቀበል ተስማሙ። መቶ ዓመት የፈጀ ክፍፍል ያለ ጦርነት ተዘጋ። በዚያ ዘመን መለኪያ ይህ ታላቅ የፖለቲካ ጥበብ ነው።

ነገር ግን አንድ የሚያደርገው እጅ የሚጨብጥም እጅ ነው። የጉንዳ ጉንዴው አባ እስጢፋኖስ ስግደት ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ይገባል ብለው ለንጉሥ አልሰግድም በማለታቸው ታስረው በእስር ሞቱ፤ ተከታዮቻቸውም ከባድ ቅጣት ደረሰባቸው። የንጉሡ ዜና መዋዕል እንደሚለው እስጢፋኖሳውያኑ የካቲት 2 ቀን ከተወገሩ ከ38 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 10 ቀን በመስቀሉ በዓል፣ በሰማይ ብርሃን ታየ። ንጉሡም ይህን የእግዚአብሔር ፈቃድ ምልክት አድርገው በዚያ ቦታ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠሩ፤ ስሙንም ደብረ ብርሃን አሉት። ከዘመናቸው መጨረሻ ከ10 ዓመት በላይ የሚሆነውን በዚያው ረግተው አሳለፉት። በቤተ መንግሥቱም ወደ እሳቸው መግባት የሚችሉት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ፤ ከእነዚህም አንዱ ዐቃቤ ሰዓት ዐምኃ ጽዮን ነው።

እንግዲህ ድንኳኑ ወደ ድንጋይ መለወጥ ሲጀምር ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ንጉሡ የሃይማኖቱን ክርክር ራሳቸው ዳኙ፤ መጻሕፍትም ጻፉ፤ ጳጳሳቱንና አበምኔቶቹን በአንድ አደባባይ አቆሙ። ሥልጣኑ ረጋ፤ በዚያው ልክ የተቃዋሚው መሸሻ ጠበበ። በሚዘዋወረው መንግሥትና በቋሚው ገዳም መካከል የነበረው ርቀት ለንጉሡ እንቅፋት፣ ለገሣጩ ግን መጠለያ እንደነበር የታወቀው ርቀቱ በጠፋ ጊዜ ነው።

ባራራና የእንጦጦ ጥያቄ

አሁን ወደ ኮረብታችን እንመለስ። በቬኒስ አጠገብ የኖረው መነኩሴ ፍራ ማውሮ እ.ኤ.አ. በ1450 ገደማ፣ ማለት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ዘመን ባዘጋጀው የዓለም ካርታ ላይ በኢትዮጵያ ውስጥ ባራራ የሚባል የንጉሥ ከተማ ይታያል። ስለ አገራችን ያገኘውን ወሬ የሰበሰበው ወደ ኢጣልያ ከመጡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነው። ከተማው የተመለከተው በዝቋላና በመናገሻ ተራሮች መካከል ነው። ይህን የሰማ የአዲስ አበባ ሰው ፊቱን ወደ የት እንደሚመልስ ልነግራችሁ አያስፈልገኝም።

ሐርትቪግ ብሬተርኒትስና ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጨጫ እስከ የረር ባለው አገር ያደረጉትን የጥንታዊ ሰፈሮች ቅኝት አሳትመዋል፤ ዓላማቸውም የባራራን ቦታ ማፈላለግ ነበር። ለባራራ ከታሰቡት ቦታዎች አንዱ የእንጦጦ ተራራ ነው፤ ለዚህም ግምት ጉልበት የሰጡት ቀደም ብዬ የጠቀስኋቸው ግንብና ውቅር ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ጉዳዩ ገና በሊቃውንት መካከል በክርክር ላይ ነው። ከተማው የትም ይሁን የት፣ ዕድሜው አጭር ሆነ። በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ ከተደረገው ጦርነት ወዲህ የኢማም አሕመድ ጦር የሸዋን ከተሞችና ገዳማት ሲያቃጥል የረጋው ነገር ሁሉ የተጋለጠ ሆነ። ደብረ ሊባኖስም በ1523 ዓ.ም. ተቃጠለ። ዐፄ ልብነ ድንግል ከቦታ ወደ ቦታ ሲሸሹ ኖረው በ1532 ዓ.ም. አረፉ።

ትዝታው ግን በኮረብታው ቀረ። ዐፄ ምኒልክ ወደ እንጦጦ የወጡት የጥንት ነገሥታት ከተማ በዚያ ነበር የሚለውን ትውፊት ይዘው ነው። በእንጦጦ ማርያም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት ተባሉ። ልብ በሉ፤ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። ብርዱና የማገዶው እጦት ሰዉን ወደ ፍል ውሃው ሜዳ አውርዶት ሳለ ቅባቱ የተፈጸመው በተራራው ላይ ነው። ድንኳንና ዐለት የነበራቸው ግንኙነት ያን ጊዜም ፈጽሞ አልተቋረጠም ነበር።

ከእኛ የሚጠበቀው

ክቡራትና ክቡራን፤ የእንጦጦ ግንብ በእርግጥ የ15ኛው መቶ ዓመት ሥራ ከሆነ፣ የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት በድንኳን ብቻ ኖረዋል የሚለውን አነጋገር ማረም ይኖርብናል፤ ዘርዐ ያዕቆብ የሞከሩትም ብቸኛ ሙከራ አልነበረም ማለት ይሆናል። የኋላ ዘመን ሥራ ከሆነ ደግሞ ያንኑ በድፍረት መናገር ይገባናል። ለአገር ፍቅር ሲባል ግምትን እርግጠኛ ነገር አድርጎ ማቅረብ የአገርን ታሪክ በደካማ መሠረት ላይ ማቆም ነው፤ እኛ ደግሞ መሠረቱ ያልተመረመረ ሕንፃ ምን እንደሚሆን ከማንም ይበልጥ እናውቃለን። ፍርዱ የሚገኘው ከክርክር ሳይሆን ከአፈሩና ከድንጋዩ ነው። ከግንቡ ሥር ከሰል ቢገኝ ዘመኑ በቤተ ሙከራ ሊገመት ይችላል፤ የድንጋዩ አጠራረብና አደራረብ ከሌሎች ዘመናቸው ከታወቀ ሥራዎች ጋር ሊነጻጸር ይችላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ድንጋዩ በቦታው እስካለ ድረስ ነው።

አደጋው ከሦስት ወገን ይመጣል። አንደኛው ውሃ ነው፤ በተፈለፈለ ዐለት ላይ የሚቋትና በስንጥቁ የሚሰርግ ውሃ ከዘመን ብዛት ይበልጥ ያፈርሳል። ሁለተኛው ዛፍ ነው፤ በምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ለከተማዋ ማገዶና ማገር ሆኖ ባለውለታዋ ቢሆንም ሥሩ ግንብ ይከፍላል። ሦስተኛው እኛው ነን። ከተማው ወደ ዳገቱ እየወጣ ነው፤ ካባ ይቆፈራል፤ መንገድ ይቀደዳል፤ የተጠረበ ድንጋይ ያገኘ ሁሉ ለአጥሩ ይወስደዋል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ተራራውን ለብዙ ሰው አቅርቦታል። ሰው የወደደውን ቦታ ለመጠበቅ ይነሣሣልና ይህ በጎ ነገር ነው፤ የሚጠበቀው ነገር የት እንዳለ በካርታ ላይ ካልሰፈረ ግን በጎ ፈቃድም ሳያውቅ ያፈርሳል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209፣ ለሕንፃ ወይም ለመንገድ ሲቆፍር ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያስታውቅና ያገኘውን ሳይነካ እንዲጠብቅ ደንግጓል። ይህ አንቀጽ ከሁሉ በፊት የሚናገረው ለእኛ ነው፤ ቁፋሮው ላይ የምንቆመው፣ ንድፉ ላይ የምንፈርመው እኛ ነንና።

ስለዚህ ሦስት ሐሳቦችን ለጉባኤው አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ማኅበራችን ፈቃደኛ አባላቱን አሰባስቦ፣ ከሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤትና ከቤተ ክህነት ፈቃድ ተቀብሎ፣ ዋሻ ሚካኤልንና የእንጦጦን ግንብ በዘመናዊ መሣሪያ ይለካ፤ ልኬቱንም ለሁሉ ይግለጥ። ሁለተኛ፣ ለዋሻ ሚካኤል የዝናብ ውሃ ማስወገጃ ጥናት በነፃ ይቅረብ፤ ጥናቱም ጊዜያዊ መጠለያና ቦይን የሚያካትት፣ በዐለቱ ላይ አንዳች ሲሚንቶ የማይደፋ፣ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ያለ ጉዳት ሊነሣ የሚችል ሥራ የሚያመለክት ይሁን። ሦስተኛ፣ በእነዚህ ኮረብቶች ላይ መንገድ ወይም ሕንፃ የሚነድፍ አባል ሁሉ ንድፉን ከመፈረሙ በፊት ከቅርሱ ካርታ ጋር እንዲያነጻጽር በሙያ ሥነ ምግባር ደንባችን ውስጥ ይግባ።

ስለ ምእመናኑ አንድ ቃል ልጨምር። ዋሻ ሚካኤል ለአካባቢው ምእመን የጸሎት ቦታ ነው። ለካህናቱ ሳናስታውቅና ፈቃዳቸውን ሳናገኝ ገመድ ዘርግተን ብንጀምር የምናገኘው ልኬት እንጂ ቅርስ አይሆንም። በታሪኩ እንዳየነው ከሠራዊትና ከአዋጅ ይልቅ ቦታን አጥብቆ የሚጠብቅ በዚያ የሚኖረው ሰው ነው።

ድንኳኖቹ ተነቅለው ሄደዋል፤ የንጉሡ መጋረጃም ሆነ የቢትወደዶቹ ሰፈር ከጽሑፍ በቀር ምልክት የለውም። ለእኛ የደረሰን ዐለቱና ግንቡ ነው። ዐምደ ጽዮንና ፊልጶስ፣ ዘርዐ ያዕቆብና እስጢፋኖስ የተከራከሩበት ጥያቄ፣ ማለት የሚያዝ እጅ በምን ይገታል የሚለው ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ ትውልድ በየመልኩ ይመለሳል፤ መልሱን የሚሹት ሁሉ የቀደሙት የት እንደቆሙ ማወቅ አለባቸው። ያን ቦታ ለክቶ ማኖር ከእኛ ሙያ ውጭ የማንም ሥራ አይደለም። የሚመጣው ክረምት ከመግባቱ በፊት እንድንጀምር አደራ እላለሁ።